አንብቦ መረዳትን አሳይቶ ማስተማር፦ ከአራቱ መንገዶች የትኛው ለየትኛው ክፍል?

ፊደል ለይቶ ማንበብን ማሳየት ብዙም አያስቸግርም። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ይጠቁማል፣ ድምፁን ያሰማል፣ ልጆቹ ይከተላሉ። ያነበቡትን መረዳት ግን በጭንቅላት ውስጥ የሚካሄድ ሥራ ነው። ጎበዝ አንባቢን ሲያነብ ብናየው የሚታየን ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ግራ ሲገባው ወደ ኋላ መመለሱን፣ የሚመጣውን መገመቱን፣ ግምቱ ሲከሽፍበት ሐሳቡን መቀየሩን ልጅ ከየት ያውቃል? አንድ ሰው ካላሳየው አያውቅም። አብዛኛውን ጊዜ ያ ሰው መምህሩ ነው።

በ"አሳይቶ ማስተማር" ስም የሚጠሩት አሠራሮች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። እዚህ የማወዳድረው አራቱን ነው፦ መምህሩ እያነበበ ሐሳቡን ጮክ ብሎ የሚናገርበትን፣ እያነበበ ልጆቹን የሚያወያይበትን፣ ልጆች በቡድን እየተፈራረቁ የሚመሩትን፣ ስልት የሚባለውን (መገመትን፣ ማጠቃለልን፣ ሲምታታ መመለስን የመሳሰለውን የአንባቢ ዘዴ) ትቶ በምንባቡ ይዘት ላይ ብቻ የሚጠየቅበትን። አቋሜን ከወዲሁ ልናገርና፣ ምርጫውን የሚወስነው ልጆቹ የሚሰናከሉበት ቦታ ነው። ለሱፐርቫይዘር የሚያምረውና ለልጁ የሚጠቅመው ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

በቅድሚያ አንድ ማጣሪያ

ገፍ እና ተንመር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1986 እ.ኤ.አ. ባቀረቡት ሐሳብ አንብቦ መረዳት የሁለት ነገሮች ውጤት ነው፦ ቃላቱን ለይቶ የማንበብና ሲነገር ሰምቶ የመረዳት። አንዱ ዜሮ ከሆነ ሌላው ብቻውን ምንም አያወጣም። ይህ ለክፍል ውስጥ ሥራ ቀላል ፈተና ይሰጠናል። ልጁ አንብቦ ያልገባውን አንቀጽ እርስዎ ያንብቡለትና ምን እንደሰማ ይጠይቁት። አሁን አሳምሮ ከነገረዎት ችግሩ ፊደሉና ፍጥነቱ ጋ ነው፤ እሱን የሚፈታው የንባብ ልምምድ ነው፣ የመረዳት ስልት አይደለም። ተነብቦለትም ካልገባው ግን ከዚህ በታች ያሉት መንገዶች ለእሱ ናቸው።

ቃላቱን ገና እየተንተባተበ የሚያነብ ልጅ እስኪያቀላጥፍ ድረስ መረዳትን አይማር ማለቴ አይደለም። ሰምቶ ይማራል። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ መምህሩ በሚያነብላቸው ምንባብ ላይ ስልቶቹን ማሳየት ይቻላል። የማይሆነው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየቆጠረ ላቡ የሚንጠባጠብን ልጅ "አሁን ደግሞ ግምትህን ንገረኝ" ማለት ነው።

መጠየቅና ማሳየት ለየቅል ናቸው

ዶሎረስ ደርኪን የተባሉት አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. አራተኛ ክፍሎች ውስጥ ተቀምጠው የንባብ ክፍለ ጊዜዎችን ሲከታተሉ፣ መረዳትን በቀጥታ ለማስተማር የዋለው ጊዜ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ የማይሞላ ሆኖ አገኙት። መምህራኑ ሥራ ፈትተው አልነበረም። ይጠይቁ ነበር፤ መልመጃ ይሰጡና ያርሙ ነበር። ጥያቄ ግን የተረዳውን ካልተረዳው ይለያል እንጂ ያልተረዳውን እንዴት እንደሚረዳ አያሳየውም። ድህረ ንባብ ላይ አሥር ጥያቄ ደርድሮ "አንብቦ መረዳት አስተማርኩ" ማለት ዛሬም የተለመደ ነው። አራቱን መንገዶች ስናይ ይህን ልዩነት ይዘን እንሂድ።

ንጽጽሩ አየር ላይ እንዳይቀር ይህን አጭር ምንባብ ለሁሉም እንጠቀምበት፦

"ብርድ ሲበረታ ንቦች ከቀፎው አይወጡም። ተጠጋግተው እንደ ኳስ ይሰበሰባሉ። ክንፋቸውን ሳያራግቡ የደረታቸውን ጡንቻ ያንቀጠቅጣሉ። በዚህም የተነሳ መሐል ያለችው ንግሥት አይበርዳትም። ዳር ያሉት ሲቀዘቅዙ ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ ውስጥ የነበሩት ደግሞ ይወጣሉ።"

ቃላቱ ቀላል ናቸው። ወጥመዱ ሌላ ቦታ ነው፦ መጀመሪያ "አይወጡም" ይላል፣ መጨረሻ ላይ "ይወጣሉ" ይላል። "በዚህም" የሚለው ደግሞ የትኛውን ነው የሚያመለክተው? በርካታ ልጆች ሁለቱንም ሳያስተውሉ አልፈው "ገብቶኛል" ይላሉ።

አንደኛው፦ ጮክ ብሎ ማሰብ

መምህሩ ያነባል፣ ይቆማል፣ በጭንቅላቱ ያለፈውን ይናገራል። ከአራቱ ሁሉ የተደበቀውን በቀጥታ የሚያወጣው ይህ ነው። በቀላሉ የሚበላሸውም ይኸው ነው።

የተበላሸው እንዲህ ይሰማል፦ "አሁን ግምት የተባለውን ስልት እጠቀማለሁ። ርዕሱን ሳየው ምንባቡ ስለ ንብ ይመስለኛል። ጎበዝ አንባቢዎች ሁልጊዜ ይገምታሉ።" እዚህ ውስጥ ምንም የታሰበ ነገር የለም። ስልቱ ተሰየመ፣ ተመሰገነ፣ ታለፈ። ልጁ የሚማረው ስሙን ነው፤ በፈተና "የንባብ ስልቶችን ዘርዝር" ቢባል ይዘረዝራል፣ ሲያነብ ግን እንደ በፊቱ ነው።

ደህናው ደግሞ እንዲህ ነው። መምህሩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር አንብቦ ቀና ይላል። "ቆይ። 'ውስጥ የነበሩት ይወጣሉ' ነው ያለው? ቅድም 'አይወጡም' አላለም? ሁለቱ አይስማሙም። አንዱን አጣምሜ ተረድቼዋለሁ ማለት ነው። ልመለስ።" ወደ መጀመሪያው መስመር ተመልሶ በጣቱ እየጠቆመ ያነባል። "ከቀፎው አይወጡም። እሺ። መጨረሻ ላይ ያለው ግን ቀፎ አይልም፤ የሚያወራው ዳርና ውስጥ ስለሚባለው ነው። ዳር ያለው የምንድን ነው? የኳሱ! ከኳሱ መሐል ወደ ዳር ይወጣሉ፣ ከቀፎው ግን አይወጡም። አሁን ተስማማልኝ።"

ይህ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ ግን ሦስት ነገር አይቷል፦ አንባቢ ግራ ሊገባው እንደሚችል፣ ግራ መጋባቱን ከምን እንዳወቀ፣ ከዚያ ምን እንዳደረገ። በእኔ እይታ ትልቁ የመጀመሪያው ነው። ብዙ ልጆች ጎበዝ የሚሉት ግራ የማይገባውን ሰው ነውና፣ ሲምታታባቸው ዝም ብለው ያልፋሉ።

ዝግጅቱ ላይ ቆጣቢ አይሁኑ። ምንባቡን ቀድመው ለብቻዎ ያንብቡና እርስዎ ራስዎ ዘገም ያሉበትን ወይም የተመለሱበትን ቦታ ምልክት ያድርጉበት። ማቆሚያዎ እዚያ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ይበቃል። በየመስመሩ የሚቆም መምህር ታሪኩን ይገድለዋል፤ ልጆቹም ምን ሲነበብ እንደነበር ይጠፋባቸዋል። ሌላው ቀላል የሚመስል ግን ወሳኝ ነገር፣ ሲያነቡ ዓይንዎ መጽሐፉ ላይ ይሁን፣ ሲያስቡ ቀና ይበሉ። ትንንሽ ልጆች የትኛው የመጽሐፉ ቃል፣ የትኛው የመምህሩ ሐሳብ እንደሆነ ካልተለየላቸው ሁሉንም የምንባቡ አካል ያደርጉታል።

መጽሐፍ ባነሰበትና ተማሪ በበዛበት ክፍል ይህ መንገድ ይመቻል፤ ምንባቡ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈ አንድ ቅጂ ይበቃል። ድክመቱ የልጆቹ ዝምታ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ ከቆየ መምህሩ እያሰበ ተማሪው የሚተኛበት ክፍለ ጊዜ ይሆናል። ለዚህም ነው "እኔ ልሥራ፣ እኛ እንሥራ፣ እናንተ ሥሩ" የሚባለው ቅደም ተከተል የሚያስፈልገው። ፒርሰንና ጋላገር በ1983 እ.ኤ.አ. ኃላፊነትን ቀስ በቀስ ለተማሪው ማስረከብ ብለው የገለጹት ሐሳብ ነው። ብዙ ጊዜ የሚዘለለው መሐለኛው ነው፦ መምህሩ ያሳያል፣ ከዚያ በቀጥታ የቤት ሥራ። "እኛ እንሥራ" ማለት ቀጣዩን አንቀጽ አብሮ አንብቦ "እዚህ ጋ ማን ቆመ? ለምን ቆምክ?" ብሎ ሐሳቡን ከልጁ አፍ ማውጣት ነው።

ሁለተኛው፦ እያነበቡ ማወያየት

መምህሩ ጮክ ብሎ ያነባል፣ በተመረጡ ቦታዎች ይቆማል፣ ልጆቹ ከጎናቸው ካለው ጋር ተነጋግረው ይመልሳሉ። ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል፣ በተለይ ለተረትና ለታሪክ፣ ይህን ከሁሉም አስቀድማለሁ። ልጆቹ ራሳቸው ማንበብ ከሚችሉት የከበደ ምንባብ ይሰማሉ፣ አዲስ ቃል ያገኛሉ፣ ይናገራሉም።

አደጋው እጅ የሚያወጡት ሁልጊዜ አምስቱ መሆናቸው ነው። ሌላም አለ። መምህሩ "ንቦቹ ጡንቻቸውን ለምን የሚያንቀጠቅጡ ይመስላችኋል?" ይላል። አንዱ "ፈርተው!" ይላል። "አይደለም፣ ሌላ?" ሌላዋ "ለመሞቅ!" ትላለች። "ጎበዝ! አጨብጭቡላት።" ትክክለኛው መልስ ተገኘ፣ መንገዱ ግን ለማንም አልታየም። "ፈርተው" ያለው ልጅ የተማረው ዝም ማለትን ነው። ጭብጨባውን ትቶ "ለመሞቅ መሆኑን ከየትኛው መስመር አገኘሽው?" ቢባል ልጅቷ "ንግሥት አይበርዳትም ስለሚል" ትላለች፤ ያን ጊዜ "በዚህም የተነሳ" የሚለው ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች እንዴት እንዳሰራቸው ክፍሉ በሙሉ ያያል። "ፈርተው" ያለውም ልጅ ተመሳሳይ ጥያቄ ይገባዋል፤ መስመሩን ሲፈልግ ራሱ ያርማል።

ስለዚህ ይህ መንገድ በራሱ አሳይቶ ማስተማር አይሆንም። የሚሆነው መምህሩ ከመልሱ ይልቅ የመልሱን ምንጭ ሲጠይቅ፣ አልፎ አልፎም የራሱን ሲጨምርበት ነው።

ሦስተኛው፦ እየተፈራረቁ መምራት

ፓሊንክሳርና ብራውን በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የታወቀ ነው። ትንሽ ቡድን አንድ አንቀጽ ያነባል፤ ከልጆቹ አንዱ መምህር ሆኖ ይመራል። ሥራዎቹ አራት ናቸው፦ ጥያቄ ማውጣት፣ ማጠቃለል፣ ያልገባውን ግልጽ ማድረግ፣ የሚቀጥለውን መገመት። በሚቀጥለው አንቀጽ መሪው ይቀየራል። መምህሩ መጀመሪያ ላይ ይመራል፣ ቀስ በቀስ ወደ ዳር ይወጣል።

ስሙ ከሚወራለት በላይ መታወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የመጀመሪያው ጥናት የተሠራው በሰባተኛ ክፍል ልጆች ላይ ነው፤ ለዚያውም ቃላቱን ደህና አድርገው የሚያነቡ፣ መረዳት ላይ ግን የደከሙ ልጆች ላይ። ያንኑ ሁለተኛ ክፍል ላይ እንዳለ ገልብጦ ውጤቱን መጠበቅ የዋህነት ነው። ለትንንሾቹ መምህሩ ሲያነብ ሰምተው እንዲሠሩት ማድረግ ይቻላል፤ ራሳቸው አንብበው በራሳቸው እንዲመሩት ግን ከአራተኛ ክፍል በፊት ባልጀምረው እመርጣለሁ።

በንቡ ምንባብ ላይ ቡድኑ ምን እንደሚያደርግ መገመት ይቻላል። "ያልገባን ምንድን ነው?" ሲባል መሪዋ "ጡንቻ ምን ማለት ነው?" ትላለች፤ ይመለስላታል፤ ያልፋሉ። "አይወጡም" እና "ይወጣሉ" መጋጨታቸውን ማንም አያነሳም። ልጆች ግልጽ አድርጉ ሲባሉ ቃል ብቻ ይፈልጋሉ፤ የሐሳብ ግጭትን እንደ ችግር ማየትን ማንም አላሳያቸውም። ያን ጊዜ መምህሩ ተቀላቅሎ በአንደኛው መንገድ አንዴ ማሳየት አለበት። ለዚህ ነው ሦስተኛው አንደኛውን የማይተካው፤ የሚቆመው እሱ ላይ ነው።

ሌላው በሽታ የሚና ካርድ ነው። "አንተ ገማች፣ አንቺ አጠቃላይ" ተብሎ ካርድ ታድሎ፣ እያንዳንዱ የድርሻውን ብሎ ካርዱን ያስቀምጣል። ንባቡ ሥነ ሥርዓት ሆነ ማለት ነው። ካርዱ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይጠቅም ይሆናል፤ ከዚያ ይሰብሰብ።

ትልቅ ክፍል ከሆነ አንድ ቡድን መሐል ላይ አስቀምጦ ሌላው ከቦ እንዲያይ ማድረግ ያዋጣል። ቡድኖቹን ሁሉ በአንድ ቀን ለመጀመር የሞከረ መምህር የሚያገኘው ጫጫታውን ብቻ ነው።

አራተኛው፦ ስልቱን ትቶ ይዘቱን መያዝ

ይህን የሚመርጡ "ስልት፣ ስልት ስንል ምንባቡ ተረሳ" ይላሉ፤ እውነት አላቸው። እዚህ መምህሩ ስለ ግምትና ስለ ማጠቃለል አያወራም። አንቀጽ በአንቀጽ እየቆመ "ጸሐፊው እዚህ ምን እያለ ነው? ይህ ቅድም ካለው ጋር እንዴት ይሄዳል? ያልነገረን ነገር አለ?" ብሎ ይጠይቃል። "አይወጡም" እና "ይወጣሉ" የተጋጩት ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ራሱ ይወጣል፤ ስልት ተብሎ ስም ሳይሰጠው።

መክዩን፣ ቤክና ብሌክ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አምስተኛ ክፍል ላይ ሁለቱን አወዳድረው፣ ያነበቡትን ታሪክ መልሶ በመንገር በይዘት ጥያቄ የተማሩት ልጆች በስልት ከተማሩት ተሽለው ተገኝተዋል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዊሊንግሃምም የስልት ትምህርት ጥቅሙ ቶሎ እንደሚመጣና ልምምዱን ማብዛት ያን ያህል እንደማይጨምር ይከራከራሉ። በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጅ "ሲምታታብህ ተመለስ" የሚለውን ለመማር ዓመቱን ሙሉ አያስፈልገውም።

የርዕሱን እውቀት አብረን እናንሳ። ሬክትና ሌስሊ በ1988 እ.ኤ.አ. 64 ተማሪዎችን ስለ ቤዝቦል ጨዋታ አስነብበው ነበር። በንባብ ደካማ የተባሉት፣ ጨዋታውን ግን የሚያውቁት፣ ጎበዝ ከተባሉት ነገር ግን ጨዋታውን ከማያውቁት በልጠው ምንባቡን አስታወሱ። ቀፎ ምን እንደሆነ ያላየ ልጅ ፊት ቆሞ ሐሳብን ጮክ ብሎ መናገር ብዙ አያራምድም፤ ቀፎውን በሥዕል ማሳየት ይቀድማል።

የዚህ መንገድ ጉድለት፣ ጥያቄውን ሁልጊዜ የሚያነሳው መምህሩ መሆኑ ነው። ልጁ ብቻውን ቤቱ ሲያነብ "ይህ ቅድም ካለው ጋር ይሄዳል?" የሚለው የለም። መምህሩ በመሐል በመሐል "እኔ ብቻዬን ሳነብ ይህንኑ ራሴን እጠይቃለሁ" ካላለ ወደ ልጁ አይሸጋገርም።

እንግዲህ የትኛው?

ልጆቹ ያልገባቸው መሆኑ ራሱ ካልታወቃቸው፣ አንደኛው። ለዚህ ችግር ሌላው ሁሉ ዙሪያ ጥምጥም ነው።

ገና ማንበብ እየጀመሩ ከሆነ ወይም የትምህርቱን ቋንቋ ገና እየለመዱ ከሆነ ሁለተኛው ዋና ይሁን፤ አንደኛው በሳምንት አንድ ሁለቴ ይግባበት።

ስልቶቹን በቃላቸው ሸምድደው ሲያነቡ ግን ምንም የማይጠቀሙ ልጆች ካሉ፣ ለጊዜው ስልት የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ያቁሙና ወደ አራተኛው ይሂዱ። ከአራተኛ ክፍል በላይ ለሳይንስና ለኅብረተሰብ ትምህርት ምንባቦችም እሱን አስቀድማለሁ።

አቀላጥፈው የሚያነቡ፣ ታይቷቸው የለመዱ፣ ግን መምህር ካልቆመባቸው የማይንቀሳቀሱ ልጆች ሦስተኛው ይገባቸዋል።

አንድ ስልት ለብቻው ወይስ ብዙ በአንድ ላይ የሚለው ክርክርም ይነሳል። በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ብሔራዊ የንባብ ፓነል ሪፖርት ስልቶችን አቀናጅቶ ማስተማርን ደግፏል። አዲስ ለሚጀምር ክፍል ግን አንዱን፣ ለምሳሌ "ሲምታታ መመለስን"፣ ለጥቂት ትምህርቶች ብቻውን ማሳየትና ከዚያ ሌላውን መቀላቀል ይቀላል። መለየቱ ለመጀመሪያ እንጂ ለዘለቄታ አይሆንም፤ ማንም አንባቢ "ዛሬ የማጠቃለል ቀኔ ነው" ብሎ አያነብም።

የተመረጠው መንገድ መሥራቱን ለማወቅ የስልቱን ትርጉም አይጠይቁ። ለልጆቹ አዲስ አጭር ምንባብ ይስጡና "የቆማችሁበትን ወይም የተመለሳችሁበትን ቦታ በእርሳስ ምልክት አድርጉ" ይበሏቸው። ወረቀቱ ባዶ ከመጣ ወይ ምንባቡ ቀሏል ወይ ልጁ ገና አያስተውልም፤ ለማጣራት እንዲነግርዎት ያድርጉ። ምልክቱ አስቸጋሪ ቃላት ላይ ብቻ ከሆነ፣ የሐሳብ ግጭት ያለበትን ምንባብ መርጠው እንደገና ጮክ ብለው ያስቡላቸው። ምልክቱ በትክክለኛው ቦታ ካረፈና ልጁ ምን እንዳደረገ መናገር ከቻለ ግን ማሳየቱን ያቁሙና የሚያነቡትን ያብዙላቸው።